ካቶሊኩ የትኛው ነው?

ጃንዋሪ 5 ቀን 1976 ምሽት ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞችን ወደየቤታቸው የምታደርስ አንዲት ሚኒባስ በሰሜን አየርላንድ፣ ደቡብ አርማ ውስጥ፣ ኪንግስሚል ከምትባል ስፍራ አጠገብ እንድትቆም ተደረገች። ያስቆሟት የታጠቁ ሰዎች ናቸው። ሠራተኞቹን አስወርደው በመኪናዋ ጎን አሰለፏቸው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ ካቶሊኩ የትኛው ነው?

በዚያ ሰዓት መኪናዋ ውስጥ የነበረው ካቶሊክ አንድ ሰው ነበር። ፕሮቴስታንቶቹ ባልደረቦቹ ገዳዮቹ የመጡት እሱን ፍለጋ መሰላቸው። ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። ከአንድ ቀን በፊት የፕሮቴስታንት ወገን ታጣቂዎች ሁለት የካቶሊክ ቤቶች ገብተው ስድስት ሰዎችን ለሞት የዳረገ ተኩስ ከፍተው ነበር። እናም ጓደኛቸው ራሱን እንዳያጋልጥ ሊከለክሉት፣ ሊሸሽጉት ሞከሩ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ካቶሊኩን ከሰልፉ አውጥተው ሸኙትና በቀሩት 11 ሰዎች ላይ የጥይት ናዳ አወረዱባቸው። 10ሩ ሞቱ፤ አንዱ በጥይት ተበሳስቶ ተረፈ። አይ.አር.ኤ. «እኔ የለሁበትም» ሲል ኖሯል። ያለፉትን ግድያዎች እንዲመረምር የተቋቋመው የፖሊስ ቡድን ግን በ2011 ገዳዩ እሱ ነው ብሎ ደመደመ።

እንግዲህ ልብ በሉ! እነዚያ ሠራተኞች ስለ ሮማው ጳጳስ ሥልጣን አልተጠየቁም። ስለ ሥጋ ወደሙ፣ ስለ ድንግል ማርያም የተጠየቁትም ነገር የለም። ቤተ ክርስቲያን ይሳሙ አይሳሙ ለማንም ግድ አልሰጠውም። የተፈለገው ከማን ወገን እንደተወለዱ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ድንበሩ ምን እንደሚያስቡ ገዳዮቹ ራሳቸው ይገምቱላቸዋል። ምናልባት ከሟቾቹ መካከል ለፖለቲካ ደንታ ያልነበረው ሰው ይኖር ይሆናል። ማን ጠየቀው?

መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ሰው በምዕራፍ 12 ላይ የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው «ሺቦሌት በል» ይሉ የነበሩትን የገለዓድ ሰዎች ያስታውሳል። ምላሱ አልታዘዝ ብሎት «ሲቦሌት» ያለ ሁሉ ታረደ። ሰሜን አየርላንድም የራሷ መሻገሪያ አላት። አንዲቱን ከተማ «ደሪ» ካልክ ወዲህ ነህ፤ «ለንደንደሪ» ካልክ ወዲያ። ስምንተኛዋን የእንግሊዝኛ ፊደል «ሄች» ብለህ ከጠራህ ካቶሊክ ሳትሆን አትቀርም፤ «ኤች» ካልክ ፕሮቴስታንት። የተማርክበት ትምህርት ቤት፣ ያደግክበት መንገድ፣ ሴልቲክን ወይም ሬንጀርስን መደገፍህ፣ የክርስትና ስምህ፣ ሁሉም ይናገርብሃል። «እኔስ በእግዜርም አላምን» ብትል እንኳ ማምለጫ የለህም። «እሺ፣ የማታምነው በካቶሊኩ እግዜር ነው ወይስ በፕሮቴስታንቱ?» የሚል የቆየ ቀልድ አላቸው፤ ይስቁበታልም።

አየርላንድ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣው ቦብ ጌልዶፍና በ1985 ለተራበው ወገናችን የተዘጋጀው የላይቭ ኤድ ኮንሰርት ነው። በኛና በኤርትራ ድንበር ጉዳይ በተሰማራው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር ውስጥ የአየርላንድ ወታደሮች እስከ 2003 እንደነበሩ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። የሰው ድንበር ሊያስከብሩ የመጡት እነዚያ ልጆች በገዛ አገራቸው ሰማኒያ ዓመት ያለፈው፣ አንዱ «ልክ ነው» ሌላው «ግፍ ነው» የሚለው ድንበር ትተው መምጣታቸውን ያኔ ያሰበ አልነበረም።

ስለዚያ ድንበር ሲወራ አንድ ቀላል መልስ አለ። «የሃይማኖት ጦርነት ነው፤ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት አይስማሙም» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ይኼን አልቀበልም። ክርክሩ የፖለቲካ ነው። ያ መሬት በለንደን ይተዳደር ወይስ በደብሊን? ጥያቄው ይኸው ነው። ከብሪታንያ ጋር ያለው አንድነት ይጽና የሚሉት ዩኒየኒስቶች ይባላሉ፤ አየርላንድ አንድ ትሁን የሚሉት ናሽናሊስቶች። ሁለቱም ነውር የሌለባቸው፣ ማስረጃ እየቀረበ ሊሟገቱባቸው የሚቻል አቋሞች ናቸው። መዘዙ የመጣው አቋሙ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ ሲደረግ ነው። ጥምቀቱን ያየ አቋሙን አወቀ! እንዲህ ከሆነ ወዲያ ማሳመን የሚባል ነገር ይቀርና መቁጠር ብቻ ይሆናል። ስንት ነን? ስንት ናቸው? ማን ብዙ ይወልዳል?

ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ? በጭራሽ!

እርግጥ ነው፣ ሥሩ ረጅም ነው። ከ1609 ጀምሮ የእንግሊዝ ዘውድ በሰሜኑ የአልስተር ግዛት የካቶሊክ አይሪሾችን መሬት ቀምቶ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ላመጣቸው ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች አደለ። ሃይማኖትና መሬት ያኔ ተጋቡ። በ1690 በቦይን ወንዝ ላይ ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ዊሊያም ካቶሊኩን ንጉሥ ጄምስን ድል አደረገ፤ በየዓመቱ ጁላይ 12 ቀን በከበሮ የሚከበረው እሱ ነው። ይሁን እንጂ ከቦይን መቶ ዓመት በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። በ1791 «የተባበሩት አይሪሾች» የሚባለው ማኅበር የተቋቋመው የት ነው? ቤልፋስት! የመሠረቱትስ? በአብዛኛው ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች! ከመሪዎቹ ዋነኛው ቮልፍ ቶን ራሱ ፕሮቴስታንት ነበር። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም «አይሪሽ» በሚለው በአንዱ የጋራ ስም ይጠራ ነው ያሉት። ሄንሪ ጆይ ማክራከን የሚባለው ፕሬስቢቴሪያን በ1798 በእንግሊዝ ዘውድ ላይ ሸፍቶ እዚያው ቤልፋስት ገበያ መሐል ተሰቀለ። ዛሬ ይህን የሰማ የቤልፋስት ጎረምሳ «ተሳስተሃል» ሊል ይችላል። አልተሳሳትኩም።

በሌላው ወገንም እንደዚሁ ነው። የሰሜን ፕሮቴስታንቶች እንደ አባት የሚያዩት፣ ሐውልቱ በፓርላማቸው ፊት ለፊት የቆመለት ኤድዋርድ ካርሰን የደብሊን ልጅ ነው። የደቡቡ አየርላንድ በ1938 የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት አድርጎ የሾመው ዳግላስ ሃይድ ደግሞ የፕሮቴስታንት ቄስ ልጅ ነበር። ሰው እንዲህ በነፃነት ወዲያና ወዲህ ይል የነበረበት አገር በምን ተዓምር በሁለት በረት ተከፈለ? እዚህ ላይ ነው የድንበሩ አሠራር የሚመጣው፤ እኔም ትንሽ ልቆይበት።

አልስተር ዘጠኝ አውራጃ ነው። በሴፕቴምበር 1912 ካርሰንና ጓደኞቹ ከደብሊን የሚመጣ የራስ አስተዳደር አንቀበልም የሚል ቃል ኪዳን አዘጋጁ፤ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወንድና ሴት ፈረመ። የዘጠኙም አውራጃ ፕሮቴስታንት ነው የፈረመው። ከዚያ በ1920 የእንግሊዝ ፓርላማ አየርላንድን ለሁለት የሚከፍል ሕግ ሲያወጣ ስሌት ተሠራ። ዘጠኙም ከተያዙ የፕሮቴስታንቱ ብልጫ ለጥቂት ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ሊገለበጥ ይችላል። ስድስቱ ብቻ ከተያዙ ብልጫው አስተማማኝ ነው። ስለዚህ ዶኔጋል፣ ካቫንና ሞናሃን ተጣሉ። ወይ ጉድ! በዚያ ቃል ኪዳን ላይ አብረው የፈረሙት የሦስቱ አውራጃ ፕሮቴስታንቶች ለቁጥር ስለማይመቹ በወንድሞቻቸው ተተዉ። በአንጻሩ ፈርማናና ታይሮን የካቶሊክ ብልጫ ያላቸው ሆነው ሳለ መሬታቸው ስላስፈለገ ተጠቃለሉ። ቆጠራ የሚሉት ነገር ጠላትንም ወዳጅንም አያውቅም።

በ1921 በተፈረመው ውል ላይ የነዋሪው ፍላጎት እየታየ ድንበሩ ይስተካከላል የሚል አንቀጽ ነበር። ለዚህ ሥራ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሊቀመንበሩ ፊታም የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ዳኛ ናቸው። ናሽናሊስቶቹ ፈርማናና ታይሮን ይመለሱልናል ብለው ሲጠብቁ በኖቬምበር 1925 «ሞርኒንግ ፖስት» የሚባል የለንደን ጋዜጣ ምሥጢሩን አወጣው። ለካስ ኮሚሽኑ ያሰበው ጥቂት እርማት ብቻ ነው፤ እንዲያውም ከደቡቡ ተቆርሶ ለሰሜኑ የሚሰጥም አለበት! ደብሊን ተናወጠች፤ የደብሊኑ ተወካይ ኢዮን ማክኒል ከኮሚሽኑ ለቀቁ። ሦስቱ መንግሥታት ተሯሩጠው ድንበሩ ባለበት ይጽና ብለው ተፈራረሙ። የኮሚሽኑ ሪፖርት መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈበትና ለሕዝብ የወጣው በ1969 ነው። ሪፖርት መቆለፍ የኛ አገር ባለሥልጣን ፈጠራ የሚመስለው ካለ ይኼን ይስማ።

ለአገር ድንበርነት ጨርሶ ያልታሰበው የጥንት የአውራጃ ወሰን በዚህ ሁኔታ የሁለት መንግሥታት ወሰን ሆኖ ቀረ። ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከ200 በላይ መንገዶች ያቋርጡታል። ፔቲጎ የምትባለውን መንደር አንድ ትንሽ ወንዝ መሐል ለመሐል ይሰነጥቃታል፤ አንዱ ዳር ዶኔጋል፣ ሌላው ዳር ፈርማና ነው። ከክሎንስ ወደ ካቫን የሚወስደው መንገድ ደግሞ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ድንበሩን አራት ጊዜ ይሻገራል። ድራሙሊ በሚባለው አካባቢ ያለ የሞናሃን ገበሬ ወደ ገዛ አገሩ በመኪና ለመግባት የግድ በሌላ አገር መሬት ማለፍ አለበት። የጉምሩክ ኬላ ከ1923 ጀምሮ ስለቆመ ላምና ቅቤ በሌሊት የሚያሻግር ትውልድ ተፈጠረ። በኋላ ጦርነቱ ሲመጣ የእንግሊዝ ጦር የገጠር መንገዶችን በፈንጂ እየቆፈረ ዘጋ። ሕዝቡ ደግሞ እሁድ እሁድ ድንጋይና አፈር እያመጣ ይሞላዋል፤ ወታደሩ መልሶ ይቆፍረዋል።

ሁለቱም መንግሥታት ከተከፈሉ በኋላ የሠሩትን ስንመለከት ተመካክረው ያደረጉት ይመስላል። ሰሜን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ክሬግ በ1934 የኛ ፓርላማ የፕሮቴስታንት፣ መንግሥታችንም የፕሮቴስታንት ነው ብሎ በአደባባይ ኮራ። ደቡብ ላይ በ1937 የወጣው ሕገ መንግሥት ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን «ልዩ ቦታ» ሰጠ፤ አንቀጹ በሕዝበ ውሳኔ የተሰረዘው በ1972 ነው። አንዱ ሌላውን የሚፈራበትን ምክንያት እየፈለገ የሚያቀርብለት ይመስል! ግፉ ግን እኩል አልነበረም፤ ይኼን ሳልናገር አላልፍም። ደሪ ላይ ካቶሊኩ በቁጥር ይበልጣል፤ የምርጫ ቀጠናው ግን በብልሃት ስለተሸነሸነ ማዘጋጃ ቤቱ ሁልጊዜ በዩኒየኒስቶች እጅ ነው። ግብር የሚከፈልበት ቤት የሌለው ሰው በማዘጋጃ ቤት ምርጫ ድምፅ የለውም፤ ቤቱን የሚያድለው ደግሞ ያው ማዘጋጃ ቤት! ስለዚህ ቤት ሲሰጥ ድምፅ እየተሰጠ ነው። በ1968 ሕዝቡ «አንድ ሰው አንድ ድምፅ» ብሎ ሲወጣ የጠበቀው የፖሊስ ቆመጥ ነው። ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 የእንግሊዝ ወታደሮች ደሪ ላይ በሰልፈኛ ተኩሰው 13 ሰው በዕለቱ ገደሉ፤ አንድ ቁስለኛ ኋላ ሞተ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2010፣ ከ38 ዓመት በኋላ ነው።

የሚቀጥለውን አንባቢ ያውቀዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከ3,500 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙው ሲቪል ነው። አይ.አር.ኤ. «አየርላንድን አንድ አደርጋለሁ» ብሎ ተነሥቶ አንድ የሚያደርጋቸውን ሰዎች ገደለ። የፕሮቴስታንት ታጣቂዎችም «አይ.አር.ኤን እንዋጋለን» እያሉ በየመንገዱ ያገኙትን ካቶሊክ ገደሉ። ድንበሩ ግን አንዲት ክንድ እንኳ ወዲህም ወዲያም አልሄደም።

ወደ 1998ቱ የስቅለት ዓርብ ስምምነት እንምጣ። ጠቢብ ሰነድ ነው፤ የምሬን ነው። ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ድንበሩ የሚነሳው የሰሜኑ ሕዝብ በብዙ ድምፅ ሲፈልግ ብቻ ነው አለ። ደቡቡም ለዚህ ሲል ሰሜኑን «የኔ ግዛት» የሚለውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ በ94 ከመቶ ድምፅ ለወጠ። ሁለተኛ፣ በሰሜኑ የተወለደ ሰው እንደ ምርጫው እንግሊዛዊ፣ አይሪሽ፣ ወይም ሁለቱንም መሆን ይችላል አለ። «ወይም ሁለቱንም»! ለእኔ በሰነዱ ውስጥ ከዚህች ሐረግ የሚበልጥ የለም። በሰሜኑ 71 ከመቶ መራጭ ደገፈው። ጆን ሂዩምና ዴቪድ ትሪምብል በዚያው ዓመት የኖቤል ሰላም ሽልማት ተቀበሉ። የጉምሩክ ኬላው አስቀድሞ በ1993 በአውሮፓ የጋራ ገበያ ምክንያት ተነሥቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ወታደሩ ተነሣ። ድንበሩን መሻገርህን የምታውቀው የፍጥነት ምልክቱ ከማይል ወደ ኪሎ ሜትር ሲለወጥ ብቻ ሆነ። ናሽናሊስቱ «ድንበር የለም» ብሎ ይተኛል፤ ዩኒየኒስቱም «ድንበሬ አልተነካም» ብሎ ይተኛል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ይኼን እንቅልፍ የቀሰቀሰው ብሬግዚት ነው። በጁን 2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ልውጣ ብላ ስትወስን የሰሜን አየርላንድ ሕዝብ 55.8 ከመቶው «እንቆይ» ብሎ ነበር። ማን ሰማው? አንዱ በኅብረቱ ውስጥ፣ ሌላው ከኅብረቱ ውጭ ከሆነ ዕቃ የሚፈተሽበት ኬላ የግድ አንድ ቦታ ላይ መቆም አለበት። በየብስ ይቁም ቢባል የ1998ቱ ሰላም ይናጋል። በባሕር ይቁም ቢባል ሰሜን አየርላንድ ከእናት አገሯ ትለያለች። ሦስተኛ መንገድ አልተገኘም። ትልቁ የዩኒየኒስት ፓርቲ ዲ.ዩ.ፒ. ለብሬግዚት ተሟግቶ ነበር። ከ2017 በኋላ በአሥር የፓርላማ ወንበሩ የለንደንን መንግሥት ደግፎ ያቆመ ኃይልም ነበር። የቴሬዛ ሜይን ስምምነት አልቀበልም ብሎ ጣለ። ቦሪስ ጆንሰን በ2018 በፓርቲው ጉባኤ ላይ ተገኝተው ማንም የብሪታንያ ወግ አጥባቂ መንግሥት በባሕሩ ላይ ኬላ አይፈቅድም ሲሉ ቆሞ አጨበጨበላቸው። በዓመቱ ጆንሰን ያንኑ የባሕር ኬላ ፈረሙ! በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ይሁንና የዩኒየኒስቶቹ ቅሬታ መሠረት የለውም የሚሉትን አልደግፍም። በገዛ አገርህ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ዕቃ ስትልክ ወረቀት ሙላ መባል ያንገበግባል። «ሁለቱንም መሆን ትችላለህ» የሚለው ቃል ለአይሪሹ ሲሠራ ለእንግሊዛዊው ጎደለ ቢሉ ሰሚ ያስፈልጋቸዋል። በፌብሩዋሪ 2023 የወጣው የዊንዘር ማዕቀፍ ያቀለለው ይኼንኑ ወረቀት ነው። የማልቀበለው ግን ያንን ቅሬታ ለማሰማት ከፌብሩዋሪ 2022 እስከ ፌብሩዋሪ 2024 ድረስ የአገሪቱን አስተዳደር ዘግቶ መቀመጥን ነው። ሐኪም ቤት ወረፋ የሚጠብቀው በሽተኛ ምን አደረገ? ደግሞ ሺን ፌንም ከ2017 እስከ 2020 ድረስ በሌላ ምክንያት እንዲሁ ዘግቶ ነበርና አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን የሚቀስርበት አፍ የለውም።

መዝጋቱ እንዴት ተቻለ? የ1998ቱ ሰነድ ጠቢብ ቢሆንም አንድ እንከን አዝሏል። የተመረጠ የምክር ቤት አባል መዝገብ ላይ ሲፈርም ከሦስት አንዱን ይጽፋል፤ «ዩኒየኒስት»፣ «ናሽናሊስት» ወይም «ሌላ»። መታወቂያ ወረቀት ላይ የብሔር ስም ሲሞላ ላየን ሰዎች ይኼ መዝገብ እንግዳ አይሆንብንም። ዋና ዋና ውሳኔዎች ከሁለቱ ወገኖች የተወሰነ ድርሻ ማግኘት አለባቸው። «ሌላ» ብሎ የፈረመ ድምፁ በጠቅላላው ይቆጠራል እንጂ በሁለቱ ሚዛን ላይ አይወጣም። በ2001 ትሪምብል መሪ ሆነው እንዲመረጡ ጥቂት የዩኒየኒስት ድምፅ ጎደላቸው። ምን ተደረገ መሰላችሁ? አላያንስ የሚባለው፣ «ሃይማኖትና ጎራ አልለይም» ብሎ በ1970 የተቋቋመው ፓርቲ ሦስት አባላቱን ለጥቂት ቀናት «ዩኒየኒስት» ብሎ አስመዘገበና ምርጫው አለፈ! እንደ ሠርግ ልብስ ተውሶ መመለስ ነው። አገሪቱን ለማዳን ያደረጉት ነው፤ አልነቅፋቸውም። ግን ሰው በእምነቱ ሳይሆን በተዋሰው ስም ብቻ ድምፁ የሚመዘንበት ሕግ ምን ዓይነት ሕግ ነው?

በ2001 ነገሩ እንደ ቀልድ ይታለፍ ነበር። በሜይ 2022 ምርጫ ግን አላያንስ ከ90ው ወንበር 17ቱን ወስዶ ሦስተኛ ሆነ። ሺን ፌን 27፣ ዲ.ዩ.ፒ. 25። ከአምስት አንድ የሚጠጋ የምክር ቤት አባል «ሌላ» ብሎ ፈርሟል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት አፈ ጉባኤ እንኳ መምረጥ ሲያቅት የነዚህ 17 ሰዎች ድምፅ ምንም አልፈየደም። ተከራካሪዎቹ «ሕጉ ከተነካ ሰላሙ ይፈርሳል» ይላሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል፤ ሃምሳ ዓመት በብዙኃን ስም የተረገጠ ካቶሊክ የብዙኃን ድምፅ ብቻ ይግዛ ቢባል አይታመንም፤ ነገ አናሳ ልሆን ነው ብሎ የሚፈራው ፕሮቴስታንትም እንዲሁ። ሁለቱን ወገን የሚጠብቅ ሕግ ይኑር። ነገር ግን ከሁለቱ ወገን የወጣን ሰው የሚቀጣ አይሁን።

ይህ እንከን ምክር ቤቱ ውስጥ ብቻ ያለ አይደለም። ከ1989 ጀምሮ በሥራ ቅጥር አድልዎ እንዳይኖር አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን ወገን መዝግበው እንዲያሳውቁ በሕግ ይገደዳሉ። ሠራተኛው «አልናገርም» ካለ አሠሪው ከተማረበት ትምህርት ቤት አይቶ መመደብ ይችላል። ሕጉ የወጣው በእውነተኛ ግፍ ምክንያት ነው፤ ብዙ ካቶሊክ ሥራ ተከልክሎ ነበር፤ ሕጉም ጠቅሟል። ይሁን እንጂ ግፉን ለማረም የወጣው መዝገብ «አንተ ከማን ወገን ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ከልጅ ወደ የልጅ ልጅ ያሻግረዋል። መፍትሔው መዝገቡን መቅደድ ነው አልልም። የተቀላቀለ ትምህርት ቤት የሚማረው ተማሪ ከመቶ አሥር እንኳ በማይሞላበት አገር፣ ቀድሞ የሚፈርሰው የትምህርት ቤቱ አጥር ቢሆን እመርጣለሁ።

አሁን ደግሞ አዲስ ቆጠራ መጥቷል። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ የካቶሊክ ትውልድ ያለው 45.7 ከመቶ፣ የፕሮቴስታንትና የሌላ ክርስቲያን ትውልድ ያለው 43.5 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ሰሜን አየርላንድ ከተፈጠረች ወዲህ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ወዲያው ከአንዱ ጎራ እልልታ፣ ከሌላው ጎራ ሙሾ! «ሕዝበ ውሳኔው ደረሰ፤ አየርላንድ አንድ ልትሆን ነው።» ቆይ እንጂ፣ ያንኑ ቆጠራ ገጽ ገልብጡት። «ማን ነህ?» ሲባል «አይሪሽ ብቻ» ያለው 29.1 ከመቶ ነው፤ «እንግሊዛዊ ብቻ» 31.9፤ «ሰሜን አየርላንዳዊ ብቻ» 19.8፤ የቀረው አደባልቆ ወይም ሌላ ብሎ መልሷል። ካቶሊክ ሆኖ የተጠመቀ ሁሉ አይሪሽ ነኝ አላለም፤ ፕሮቴስታንት ሆኖ የተጠመቀም ሁሉ እንግሊዛዊ ነኝ አላለም። በ1920 ድንበሩን ያሰመረው ቁጥር ነበር፤ ዛሬም ድንበሩን አነሣለሁ የሚለው ወገን ያንኑ ቁጥር ገልብጦ ይዞ መጣ። ካርሰን ቢያይ «ትምህርቴን ወሰዱት» ይላል።

በማርች 1973 ስለ ድንበሩ አንድ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ነበር። ናሽናሊስቶቹ አንሳተፍም ስላሉ «ከብሪታንያ ጋር እንቆይ» የሚለው 98.9 ከመቶ አገኘ። በእንዲህ ያለ ቁጥር ማንም አልተታለለም፤ ግድያውም ቀጠለ። በ1998ቱ ሕግ መሠረት የሚቀጥለውን የሚጠራው የለንደኑ ሚኒስትር ነው፤ ያውም ብዙኃኑ አንድነትን የሚመርጥ ሲመስለው። በምን እንደሚመስለው ሕጉ አይናገርም። የጥምቀት መዝገብ ቆጥሮ እንዳይሆን ብቻ!

ሺን ፌን አንድ አየርላንድን ከፈለገ የፈርማናን ፕሮቴስታንት ገበሬ ቤቱ ሄዶ ያነጋግረው። ገበሬው የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ሰሜን ላይ ሐኪም ዘንድ ስሄድ አልከፍልም፤ ደቡብ ላይ የነፃ ካርድ የሌለው ይከፍላል፤ የኔስ ነገር እንዴት ይሆናል? ጡረታዬን ማን ይከፍለኛል? አባቴ የለበሰውን የብርቱካን መታጠቂያ ለብሼ ጁላይ 12 ቀን ስሰለፍ ማን ይጠብቀኛል? ወንድሜን ድንበሩ ላይ የገደለው ሰው በሚወደስበት ሰልፍ ላይ መሪዎቻችሁ ለምን ይገኛሉ? ዩኒየኒስቱም እንዲሁ የደሪዋን ካቶሊክ ነርስ ያነጋግራት። እሷም ትጠይቃለች። እንቆይ ብዬ ድምፅ በሰጠሁበት ከአውሮፓ አስወጣችሁኝ፤ ለንደን ውስጥ ማን ስለኔ ያስባል? የአይሪሽን ቋንቋ ሕግ ለማውጣት እስከ 2022 ድረስ ያስለመናችሁን ለምንድን ነው? እኔ እስከ ዛሬ ከሁለቱም ወገን ለገበሬው ወይም ለነርሷ ዓይን ዓይናቸውን እያየ በቂ መልስ የሰጠ ፓርቲ አላየሁም።